ለትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም የትኛው የውሃ መቀየሪያ ይሻላል? ባልዲ፣ በርሜልና ፓምፕ ወይስ አውቶማቲክ

800 ሊትር በሚይዝ የኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠሩ የባሕር እንስሳት) አኳሪየም በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ ይቀየር ከተባለ 80 ሊትር ይወጣል፣ 80 ሊትር ይገባል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ በጨው ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ በባልዲ የሚያመላልስ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ከ160 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። እንዲህ የሚያደክም ሥራ መጀመሪያ ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ቆይቶም ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። በዚህ መሃል ከዓሦች ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ይከማቻል፤ ኮራሎቹ አጽማቸውን ለመገንባት የሚወስዱት ካልሲየምም ሳይተካ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት በየሳምንቱ ሳይሰለቹ ለዓመታት ሊሠሩበት መቻልዎን ይመዝኑ።

ባልዲና ከቧንቧ የሚገጠም ጎማ

አኳሪየሙ እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ባልዲ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ገዢ ዓይኑን የሚጥለው ፓይተን በሚባለው፣ ከቧንቧ ተገጥሞ ውሃ በሚስበውና መልሶ በሚሞላው ረጅም የውሃ ጎማ ላይ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ለሚኖሩ ዓሦች ግሩም ዕቃ ነው። ለኮራል አኳሪየም ግን ማውጣቱን እንጂ መሙላቱን አያቃልልም፤ የቧንቧ ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያጣራ) ማጣሪያ ሳያልፍ፣ ጨው ሳይሟሟበትና ሳይሞቅ ወደ ኮራል አይገባምና። ለዚህ ሲባል ገንዘብ ባያወጡ ይሻላል።

ማጣሪያውም እንደየከተማው ይመረጣል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚሠሩት ጀርም ገዳይ) ነው፤ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ተራ የካርቦን ማጣሪያ ክሎሪንን ቶሎ ያስወግዳል፤ ክሎራሚን ላይ ግን ይዘገያል። እዚያ የሚኖር ገዢ ለክሎራሚን የተዘጋጀ ካርቦን ያለውን ማጣሪያ ይግዛ፤ የዋጋ ልዩነቱ በአንድ የሞተ ኮራል ይካካሳል።

ሁለት በርሜልና አንድ ፓምፕ

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። ከ150 እስከ 200 ሊትር የሚይዙ፣ ለምግብ ማስቀመጫ ከሚሆን ፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት በርሜሎች ይቆማሉ። አንደኛው የተጣራ ውሃ ይጠራቀምበታል፤ በሁለተኛው ጨው ይሟሟል። ለ80 ሊትር ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ጨው ያስፈልጋል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ፓምፕ ውሃውን እያዞረ ጨውን ያሟሟል፣ ማሞቂያው እስከ 25 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ የጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትር በሺህ 35 (በሺህ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው) ሲያሳይ ቫልቩ ይዞርና ያው ፓምፕ ውሃውን በጎማ ወደ አኳሪየሙ ይልካል።

ዋናው ዘዴ ውሃውን ከላይ ካለው መስታወት ሳይሆን ከሥር ካለው የማጣሪያ ገንዳ፣ ማለትም ከሳምፑ መቅዳት ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ሲጠፋ ከላይ ያለው ትርፍ ውሃ ይወርድና የሳምፑ ከፍታ ይጨምራል። ውሃው የቆመበት ላይ የፕላስተር ምልክት ይለጥፉ። ከዚያ የሚወጣውን ውሃ በሌላ ጎማ ወደ ፍሳሽ ይልኩና አዲሱን እስከ ምልክቱ ድረስ ይሞላሉ። ከላይ ያሉት ኮራሎች ለአፍታም ከውሃ አይወጡም፣ ወለሉ ላይም ጠብታ አይወርድም። ጨዉ አስቀድሞ ከሟሟ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ፓምፕ ሲገዙ ሳጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የሊትር መጠን አይወስኑ። "በሰዓት 4000 ሊትር" የሚለው ውሃው ምንም ወደ ላይ ሳይወጣ ነው። በርሜሉ ምድር ቤት ሆኖ አኳሪየሙ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ከፍተኛው የመግፊያ ከፍታው ሦስት ሜትር የሆነ ፓምፕ አንዲት ጠብታ አያደርስም። አምስት ሜትርና ከዚያ በላይ የሚገፋውን ይምረጡ። ጎማውም 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ቀጭኑ ጥሩውን ፓምፕ ያንቃል። የጎማው ጫፍ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ፓምፑ ከጠፋ ደግሞ ውሃው ወደ በርሜሉ ይመለስና ሳምፑን ያራቁተዋል፤ ጫፉ ምንጊዜም ከውሃው በላይ ይታሰር።

አውቶማቲክ

እዚህ ያለው ዋና ዓይነት ባለ ሁለት ጭንቅላት ፐርስታልቲክ (የላስቲክ ቱቦ እየጨመቀ ውሃ የሚገፋ) ፓምፕ ነው፤ አንዱ ጭንቅላት ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲያወጣ ሌላው ያንኑ ያህል ያስገባል። የኔፕቱን ኩባንያ ዶስ የሚባለው ፓምፕ የሚሠራው የአኳሪየሙን ዕቃዎች ከሚያዘው ከኤፔክስ መቆጣጠሪያ ጋር ነው፤ መቆጣጠሪያው ለሌለው ሰው ወጪው በእጅጉ ይንራል። የካሞር ኩባንያ ኤክስ2ኤስአር ፓምፕ ብቻውን በዋይፋይ ስለሚታዘዝ ለጀማሪ ይቀላል።

ብዙ ሰው ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ሲቀየር አዲሱ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይወጣል ብሎ ይሰጋል። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ሠላሳ በመቶ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ከአሮጌው ውሃ ሠላሳ በመቶው ይወጣል፣ በጠብታ ሲቀየር ደግሞ ወደ 26 በመቶው። እኔን የሚያሳስበኝ የፓምፑ የላስቲክ ቱቦ መድከም ነው። በቀን ስምንት ሊትር የሚያወጣው ጭንቅላት ሳይደክም የሚያስገባው ወደ 7.6 ሊትር ቢወርድ፣ የጎደለውን የትነት መተኪያው (የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካው መሣሪያ) በጨው አልባ ውሃ ይሞላዋል። የውሃው ከፍታ ስለማይቀንስ ምንም የተበላሸ አይመስልም፤ ጨውነቱ ግን ቀስ በቀስ ከ35 ወደ 33 አካባቢ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ጭንቅላቶች በየወሩ በመለኪያ ብልቃጥ መፈተሽ፣ መለዋወጫ ቱቦም ከዕቃው ጋር አብሮ መግዛት ግድ ነው። የጨው ምርጫም ይጠባል፤ አልካሊኒቲያቸው (የካርቦኔት መጠናቸው) ከፍ ያለ እንደ ኮራል ፕሮ ያሉ ጨዎች ተሟሙተው ለሳምንታት ሲቀመጡ ነጭ ዝቃጭ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ደግሞም አውቶማቲኩ ለድንገተኛ ጊዜ አይደርስም። አንድ ትልቅ ዓሣ ከድንጋይ ጀርባ ሞቶ መርዛማው አሞኒያ ቢነሣና 300 ሊትር ቢያስፈልግ፣ በደቂቃ ሩብ ሊትር የሚያመላልስ ፓምፕ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል።

ለማን የትኛው?

አውቶማቲኩም ቢሆን የጨው ውሃ የሚቀዳበት በርሜል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በርሜሎቹንና ፓምፑን አስቀድሞ መግዛት የሚያስቆጭ አይሆንም። በጉዞ የሚበዛ ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ አውቶማቲኩን ይጨምርበት። ምድር ቤት ያለው ባለ ቤት በበርሜልና በፓምፕ ብቻ በምቾት ይኖራል። አፓርታማ ለተከራየ ሰው ግን የሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ እሱ የሚሽከረከሩ እግሮች ባሉት ማስቀመጫ ላይ የሚቆም ባለ 100 ሊትር አንድ በርሜል ይግዛ፣ የተጣራውን ውሃ እዚያው ያጠራቅም፣ ጨዉንም በዋዜማው እዚያው ያሟሟ።