ከባሕር ዳር ገበያ የሚገዛ አሮጌ ቴፕ፦ የቱ ቅራቅንቦ ነው፣ የቱስ ይሠራል?

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደቦች ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ዛሬም አይጠፋም። የሚሰጠው ስም ግን ይለያያል። ሻጩ «ያገለገለ» ካለ ይሠራል ማለቱ ነው፤ ዋጋውም ጠንከር ይላል። «አንቲክ» ሲል የሚሸጠው መልኩን ነው። «ለመለዋወጫ ይሆናል» ከተባለ ሞቷል። «ቅራቅንቦ»ን ሻጭ አፉ ላይ አያመጣውም፤ ዋጋ ማስወረድ የሚፈልግ ገዢና ከየቤቱ የሚሰበስበው ቁራሌው ናቸው የሚሉት። ለአንዱ ቴፕ አራቱም ስሞች ሊሰጡት ስለሚችሉ ስሙን ትቶ ዕቃውን መፈተሽ ይሻላል።

የምንመክረው ባለ አንድ ካሴት ሆኖ በትልቁ ድንጋይም በመብራትም የሚሠራውን ነው። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ለጠጋኝም ቀላል ነው። ባለ ሁለት ካሴቱ ዓይን ይስባል፤ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) እና ጥርሱ ግን ብዙ ነው።

ስትሄዱ ድምፁን በደንብ የምታውቁት ካሴት፣ አዲስ ድንጋይና ትንሽ ካቻቢቴ ያዙ። መጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ብረቱ ላይ ብቻ ካለ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ይለቃል፤ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ተዉት። ቀጥሎ ካሴት ሳታስገቡ «ፕሌይ»ን ተጫኑ። ክሩን የሚጠቀልለው ጥርስ ሳይንቀጠቀጥ መዞር አለበት። ሞተሩ እየጮኸ ጥርሱ ካልዞረ ቺንጋው ላልቷል ወይም ቀልጧል።

የቺንጋው ነገር እዚህ ከተማ ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋል። አንዳንዱ ቺንጋ እርጥበት እየበላው ሲቆይ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል፤ ጣና ዳር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ከቤት አይወጣም። አዲስ ቺንጋ በዝቃጩ ላይ ማጥለቅ አይበቃም። መዘውሮቹን በአልኮል ሙልጭ አድርጎ መጥረግ ይቀድማል፤ ያለበለዚያ አዲሱም እየተንሸራተተ ዘፈኑን ያንቀራፍፈዋል። በጣም የጠበቀ ቺንጋ ሞተሩን ያደክማል። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ የሚያጠልቁ ጠጋኞችም አሉ። ላስቲኩ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁ ይዋዥቃል፤ እንዲህ ያለውን ጥገና አትቀበሉ።

ክሩን የሚጫነው ትንሹ ጎማ ደርቆ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ካሴት ይበላል።

ድምፁ ከታፈነ ሄዱን፣ ማለትም ክሩ የሚነካውንና ድምፁን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል ጠርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። አሁንም ካልጠራ ሄዱ አጠገብ ያለችው ብሎን የነበረችበትን ቦታ ምልክት አድርጉና መዝሙር እያጫወታችሁ በጥቂት በጥቂቱ አዙሯት። የጸናጽሉ ድምፅ ጥርት ሲል ቦታዋን አግኝታለች። ከሩብ ዙር በላይ ግን አትሂዱ።

በድንጋይ ደህና ሆኖ በመብራት ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኮንደንሰር፣ ማለትም ከመብራት የሚመጣውን ኃይል የሚያረጋጋው ትንሽ ዕቃ፣ ነው፤ ይህ ቀላል ጥገና ስለሆነ ዋጋ ለመቀነስ ተጠቀሙበት። ጀርባው ላይ 110 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን ግን በቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ኤፍ ኤሙንም እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዙ ከ90 በላይ ያሉትን የእኛን ጣቢያዎች አያመጡም። «አንቴናው ነው፣ ይስተካከላል» ቢሏችሁ አትመኑ።

ካሴት ስትመርጡ ባለ 60 ደቂቃው ይሻላል፤ የባለ 120ው ክር ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጠላለፋል። በመስኮቱ ሲያዩት ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ አታጫውቱት፤ ሻጋታው ሄዱ ላይ ቀርቶ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል። የሠርግ ወይም የሞተ ሰው ድምፅ ያለበትን ካሴት ባልተፈተነ ቴፕ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ቴፑ በሌላ ካሴት ከተፈተነ በኋላ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ ቮልዩሙ ከግማሽ ካለፈ ድምፁ ይሰነጣጠቃል።