እማዬ «ልጄ» ያለቻቸው የኒስ ሾፌር

ይቺን ጽሑፍ እጽፋለሁ እያልኩ ወር አለፈኝ። እማዬ በደወለች ቁጥር «ያንን ልጅ አመሰገንሽልኝ?» ትለኛለች። ዛሬ አፍሬ ተቀመጥኩ። «ልጅ» የምትላቸው ሰውዬ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ኒስ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ሾፌርና አስጎብኚ ናቸው።

እማዬ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መጥታ እኔ ጋ ከረመች። ቪዛዋ ሳያልቅ ባሕር ላሳያት ብዬ ነሐሴ ላይ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ይዣት ሄድኩ። ኮት ዳዙር ሲባል የምታውቁት ነው፤ የሀብታም ጀልባ እንደ ፎቅ ቤት የተደረደረበት ዳርቻ። እኛ ደግሞ አንዲት ነርስና አንዲት ጉልበቷን የሚያማት የ76 ዓመት እናት። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። ቀድመን የያዝነው አስጎብኚ ድርጅት ጠዋት ላይ ሰረዘን። ብራችን ተመለሰ፣ ቀኑ ግን ቀለጠ። እኚህን ሰው የጠራችልን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ናት።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የእኔን ዕቅድ መሰረዝ ነበር። ኤዝ የምትባል፣ ከባሕሩ በላይ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጠለጠለች ጥንታዊ መንደር አለች። እሷን ቁጥር አንድ አድርጌ ጽፌአለሁ። የእማዬን አረማመድ አዩና «ውስጡ መኪና አይገባም። ድንጋይና ደረጃ ብቻ ነው። ብወስዳችሁ እኔ እከፈላለሁ፣ እናትሽ ግን ይቀጣሉ» አሉኝ። ከኒስ ወደ ሞናኮ ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ባሕሩን ታኮ፣ አንዱ በተራራው ወገብ፣ አንዱ በአናቱ ይሄዳል። የወገቡን ይዘው ወጡና አንድ መታጠፊያ ላይ አቆሙ። ኤዝ ከፊታችን ቋጥኙ ላይ ጉብ ብላለች፣ ከሥሯ ባሕሩ። «አምባ ናት እኮ» አለች እማዬ። ከመኪናው ሳትወርድ አየቻት።

ኒስ ውስጥም እንዲሁ። የቤተ መንግሥት ኮረብታ የሚባለው ላይ ቤተ መንግሥት የለም፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1706 (በፈረንጆቹ) አስፈርሶታል። እይታው ግን ከተማውን በሙሉ ነው። ሰው በደረጃ ሲያልብ እኛ በነጻው ሊፍት ወጣን። ሊፍት እንዳለ እኔ የት አውቄ! ቀትር ላይ እንደ መድፍ የሚጮህ ርችት ይተኮሳል፣ በየቀኑ። ይህንን ግን ቀድመው አልነገሩንም፤ እማዬ ክው ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች።

ስለ ጾሙ አንድ ጊዜ ነው የነገርኳቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትበላም፣ ከዚያም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን የሚያዩት እሳቸው ሆኑ። ልክ ዘጠኝ ሲል አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ይዘው መጡ። ሶካ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፤ በትልቅ የመዳብ መጥበሻ በእንጨት እሳት ይጋገራል፣ ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል። እማዬ ቀመሰችና «ይሄማ የሽምብራ ቂጣ ነው! ለዚህ ነው ፈረንሳይ ድረስ ያመጣሽኝ?» አለች። ሁለት ጨረሰች።

ኒስ ያለው የሠዓሊው ሻጋል ሙዚየም ከልጅም ከአዋቂም ጋር የሚሄዱበት ነው፣ ማክሰኞ ብቻ ዝግ ነው። የኦሪት ዘፍጥረትና የዘጸአት ትልልቅ ሥዕሎች፣ ከዚያ ለብቻው አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ቀያይ የመኃልየ መኃልይ ሥዕሎች አሉ። እዚያ አስጎብኚዋ እማዬ ሆነች። ጽሑፉን ማንበብ ሳያስፈልጋት «አብርሃም ሦስቱን መላእክት ሲቀበል»፣ «ያዕቆብ ሲታገል» እያለች አስከትላን ሄደች። እኔ እተረጉማለሁ፣ ሰውዬው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይሰማሉ።

ሞናኮ ካዚኖውን ከውጭ አየነው። የሞናኮ ዜጎች እዚያ ቁማር መጫወት አይፈቀድላቸውም ሲሏት እማዬ «ለልጆቻቸው የከለከሉትን ለእንግዳ ያቀርባሉ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ሰውዬው ግን ለእኛ ያሰቡት ሌላ ነበር። ሉዊ ሁለተኛ ስታዲየም በር ላይ አቆሙና «ገንዘቤ!» አሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2015 ገንዘቤ ዲባባ 1500 ሜትርን በ3:50.07 ጨርሳ 22 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። እሳቸው ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። የመጨረሻውን ዙር እጃቸውን እያወናጨፉ ተረኩልን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በ2020 ደግሞ የቀነኒሳ የ5000 ሜትር ክብረ ወሰን በዑጋንዳዊው ሯጭ በቼፕቴጌይ የተሰበረው እዚሁ መሆኑን ነገሩኝ። ይህንን ለእማዬ አልተረጎምኩላትም።

ሽቶ በምትሠራው ግራስ ከተማ ደግሞ ተራው የእማዬ ነበር። እሷ የጅማ ልጅ ናት። ሰውዬው ድሮ ሽቶ ውስጥ የሚገባ የእንስሳ ቅባት አለ ብለው ሲጀምሩ «ዝባድ!» ብላ አቋረጠቻቸው። በከብት ቀንድ ታሽጎ ሲሸጥ በልጅነቷ አይታለች። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ይላክ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ተተክቶበታል። መኪናው ውስጥ እስክንገባ ስለ ዝባድ አወሩ፣ እኔ መሃል ላይ ደከመኝ።

ካንን ብቻችንን ነው ያየናት። «ባቡር ርካሽ ነው፣ ለኔ አትክፈሉ» ብለው እምቢ አሉ። ፊልም ፌስቲቫሉ ግንቦት ላይ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ብዙም አልገረመኝም። ከወደቡ በጀልባ ሴንት ኦኖራ ደሴት ሂዱ ያሉን ግን ዋጋ ነበረው፤ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት የኖሩበት ደሴት ነው፣ ዛሬም ወይን ይተክላሉ። እማዬ ጣና ያለች መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች።

እንከን የላቸውም አልልም። ወሬ ሲጥማቸው መታጠፊያ ላይ መሪውን በአንድ እጅ ይይዛሉ፣ እኔ ነፍሴ ትወጣለች። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። ግን የነገሩኝን ነው የተቀበሉኝ፣ ሳንቲም አልጨመሩም። ኒስ ባለው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ደጃፍ እማዬ እንደ ልማዷ ጫማዋን ስታወልቅ፣ እዚያ እንደማያስፈልግ ቢያውቁም ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው አነሱና እስክንወጣ በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንድለጥፍ አልፈለጉም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። እንግሊዝኛና ጣልያንኛ ይችላሉ። እሑድ አይሠሩም፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ያዟቸው። ስትደውሉ «የዝባዷ እናት ዘመድ ነኝ» በሏቸው፣ ያውቃሉ።