ዝቅ ለተደረገ ኤስ ዩ ቪ የምቾት ምርጫ፦ ሞላ፣ ሾክ፣ ኮይልኦቨር ወይስ ኤር?

ዝቅ የተደረገ ኤስ ዩ ቪ ወገብ ሲያደክም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለስለስ ያለ ሞላ የለም?» ብሎ ነው። አለ፤ ግን ብቻውን ሲገባ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። መኪናው ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚጠፋው ጎማው ወደ ላይ የሚገባበት ቦታ ነው። ከቆመበት ከፍታ 80 ሚ.ሜ. የመጨመቂያ ቦታ የነበረው መኪና በ40 ሚ.ሜ. ዝቅ ቢደረግ የቀረው ግማሹ ነው፤ ከዚያም ላይ የመጨረሻውን ክፍል በምፕ ስቶፕ የሚባለው የላስቲክ ማቆሚያ ይይዘዋል። ለስላሳ ሞላ ይህን ትንሽ ቦታ ቶሎ ይጨርስና መኪናው በምፕ ስቶፑ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቦታ ይመልሳል ወይስ የቀረውን ቦታ በደንብ ያስተዳድራል?

ከመግዛት በፊት መለካት

የሾኩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስበው በዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠምጥሙ፤ ጠበቅ ይበል እንጂ ዘንጉን እንዳይጭር። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ማሰሪያውን እስከ ሾኩ አፍ ዝቅ ያድርጉና በየቀኑ በሚሄዱበት መንገድ፣ በተለመደው ጭነት ይንዱ። ማሰሪያው ከሾኩ አፍ የራቀው ያህል ሾኩ ተጨምቋል። ከበምፕ ስቶፑ ጋር እየተገናኘ ከሆነ ምንም ዓይነት ውድ ሾክ ብቻውን አያድንዎትም። የፊትና የኋላውን ለየብቻ ይለኩ፤ ኤስ ዩ ቪ ቤተሰብና ሻንጣ ስለሚጭን በባዶው ደህና የሆነው የኋላ ሰስፔንሽን አምስት ሰው ሲቀመጥ ሊያልቅ ይችላል።

ቀጥሎ የሚሰማዎትን ይለዩ። ስፒድ ብሬከር ላይ አንዴ ጓ ብሎ የሚመታ ከሆነ ቦታው አልቋል። ጉብታውን ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ ሾኩ ሞላውን መያዝ አቅቶታል። በትንንሽ ስንጥቅ ሁሉ መሪና ወለል የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ጎማውንና ቸርኬውን ይጠርጥሩ። አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ጭንቅላትን ወደ ግራና ቀኝ የሚወረውር ከሆነ ስታቢላይዘሩ (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ) ጠንክሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ምልክት ግን አለ፦ ተከታታይ ጉብታ ባለው መንገድ መጀመሪያ ደህና ሆኖ እየቆየ የሚደርቅ መኪና። ይህ ሪባውንዱ፣ ማለትም ሾኩ ሲዘረጋ የሚይዘው ኃይል፣ ከልክ በላይ የጠበቀ መሆኑን ያሳያል። ጎማው ከአንዱ ጉብታ ተመልሶ ሳይዘረጋ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ መኪናው በየጉብታው ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ በምፕ ስቶፑ ላይ ያርፋል። ሾኩ ላልቷል ብሎ የበለጠ የሚያጠብቅ ሰው ችግሩን በእጁ ያባብሳል።

በነፃ ማለት የሚቻለው ጥገና

የብራቾ (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒዎች ዘወትር የሚረሱ ናቸው። የፋብሪካ ጎሚኒ ጎማው ከመሃል ቱቦውና ከውጭ ቀለበቱ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ብሎኑ በተጠበቀበት አቋም ላይ ነው እረፍት የሚያደርገው። መኪናው ዝቅ ሲደረግ ብሎኖቹ ካልተፈቱ፣ ወይም መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ፣ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል። እንደ ተጨማሪ ሞላ ያደርቃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መፍትሔው መኪናውን በጎማው ላይ ማቆም (ጎማ የሚወጣበት መወጣጫ ወይም ባለአራት ምሰሶ ሊፍት ይመቻል)፣ የብራቾ ብሎኖችን ማላላት፣ መኪናውን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች መግፋት፣ ከዚያ በአምራቹ ልክ በቶርክ ቁልፍ ማጥበቅ ነው። አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህን የሚያሠራ ሰው አንዳንዴ ግዢውን ይተወዋል።

የስታቢላይዘር ሊንክም እንዲሁ። መኪናው ሲወርድ የሊንኩ ርዝመት ልክነቱን ያጣና ስታቢላይዘሩ ከብራቾ ወይም ከአክስል ዘንግ ጋር ሊነካካ ይችላል። ርዝመቱ የሚስተካከል ሊንክ ይግዙ፤ መኪናው መሬት ላይ እያለ ሁለቱም ጎን ያለ ጭነት እስኪገባ ያስተካክሉት። ወፍራም ስታቢላይዘር የሚሸጥልዎ ሰው ግን ስለ ምቾት እያወራ አይደለም።

ሞላ፦ ትንሽ ዝቅታ፣ ትልቅ ልዩነት

አሁን ያለው መኪና 50 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሚ.ሜ. ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ መግዛት ከሁሉም በላይ ምቾት የሚመልስ ግዢ ነው። አይባክ እና ኤች ኤንድ አር የሚሠሯቸው የመንገድ ሞላዎች ብዙዎቹ ፕሮግረሲቭ ናቸው፦ መጀመሪያ ለስለስ ብለው ሲጨመቁ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ለዝቅተኛ መኪና ይህ ባህሪ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ቦታው ከማለቁ በፊት ጉልበት ይጨምራል።

በምፕ ስቶፕን መቁረጥ በሞላው መመሪያ ላይ ከተጻፈ በተጻፈው ልክ ብቻ ይቆረጥ። የብዙዎቹ ቀጭን ጫፍ ለስላሳው ክፍል ስለሆነ እሱን ቆርጦ መጣል በቀጥታ ደረቁ ላይ መመታት ማለት ነው። ጨርሶ ማውጣት ደግሞ የሾኩ ፒስተን ከታች እንዲመታ ያደርጋል፤ ሾኩም ይሞታል። የፋብሪካውን ሞላ በመፍጫ ቆርጦ ማሳጠርን ከምርጫ አንቆጥረውም።

ሾክ፦ አብዛኛው ገዢ ገንዘቡን ማዋል ያለበት እዚህ ነው

ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ከፋብሪካ ሾክ ጋር ሲሠራ ሁለት ነገር ይበላሻል። የጠነከረው ሞላ የበለጠ ሪባውንድ ይፈልጋል፣ የድሮው ሾክ አይሰጥም። በዚያ ላይ ፒስተኑ ከተሠራበት ቦታ በታች ይሠራል። ስለዚህ «ለመኪናዬ ይገባል» ከሚለው ይልቅ «ለዝቅተኛ ከፍታ ተሠርቷል?» ብለው ይጠይቁ። የሾክ አምራቹ የቢልስታይን ስም አወጣጥ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ቢ4 የፋብሪካ ምትክ፣ ቢ6 ለኦሪጅናል ከፍታ የጠነከረ፣ ቢ8 ደግሞ ለዝቅ ማድረጊያ ሞላ አካሉ ያጠረ ነው። ቢ6ን ከዝቅተኛ ሞላ ጋር የሚገዛ ሰው ጥሩ ሾክ በተሳሳተ ቦታ ላይ ያስገባል።

ቢ6ና ቢ8 ሞኖቲዩብ (ባለአንድ ቱቦ) ናቸው፤ ጋዙ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ሙቀትን በደንብ ይቋቋማሉ፣ መኪናውን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። በትንንሽ ስንጥቅ ላይ ግን ከትዊንቲዩብ (ባለሁለት ቱቦ) ደረቅ ብለው ይሰማሉ። የኮኒ ስፔሻል አክቲቭ በፈጣን ትንንሽ ንዝረት ላይ ዘይት የሚያሳልፍ ተጨማሪ ቫልቭ አለው፤ በዝግታ ሲወዛወዝ ይጠብቃል፣ በስንጥቅ ላይ ይላላል። ዋናው ፍላጎት ምቾት ከሆነና ዝቅታው መጠነኛ ከሆነ፣ ለመኪናዎ ሞዴል ከተገኘ፣ እኛ ይህን ዓይነት እናስቀድማለን። ለከባድ ዝቅታ ግን አካሉ ያጠረው ይሻላል።

መኪናው በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል ሾክ ካለው ተራ ሾክ ማስገባት ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ያበራል። እንዲህ ላለ መኪና ከኤሌክትሮኒክ ሾኩ ጋር እንዲሠራ የተዘጋጀ ሞላ መግዛት ይቀላል።

ኮይልኦቨር፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

ኮይልኦቨር፣ ማለትም ሞላና ሾክ አብረው የተሠሩበት ዕቃ፣ ከፍታውን ማስተካከል ያስችላል፤ ምቾትን ግን አያረጋግጥም። ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ።

የሞላው ጥንካሬ ስንት ነው? በሞላው ላይ 62-200-8 የሚመስል ጽሑፍ ካለ፣ የውስጥ ስፋቱ 62 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 200 ሚ.ሜ.፣ ጥንካሬው 8 ኪ.ግ. በሚ.ሜ. (1 ሚ.ሜ. ለመጨመቅ 8 ኪ.ግ. የሚፈልግ) ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። በአንድ የፊት ጎማ ላይ ያረፈው የቦዲ ክብደት 500 ኪ.ግ. ነው እንበል። ምቹ የሚባል መኪና በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ 1.4 ለማግኘት በጎማው ላይ 4 ኪ.ግ. በሚ.ሜ. አካባቢ ይበቃል። ማክፈርሰን (ሞላና ሾኩ አንድ ላይ ሆነው ጎማውን የሚይዙበት አሠራር) በሆነ ፊት ላይ 10 ኪ.ግ. ሞላ ቢገባ ድግግሞሹ 2.1 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ የስፖርት መኪና ድርቀት ነው። ኋላ ላይ ግን ሞላው በብራቾው መሃል ከተቀመጠና ጎማው 10 ሲንቀሳቀስ እሱ 7 ብቻ የሚጨመቅ ከሆነ፣ ጥንካሬው በ0.7 ሁለቴ ይባዛል፦ 10 ኪ.ግ. ወደ 4.9 ይወርዳል። የፊትና የኋላን ቁጥር ጎን ለጎን ማወዳደር ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው። የኋላው ድግግሞሽ ከፊቱ ትንሽ መብለጡ መኪናው ጉብታ ሲያልፍ አፍንጫውን እንዳይነቀንቅ ያደርጋል፤ ይህን ሞሪስ ኦሊ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካዲላክ ውስጥ ሲሠራ አሳይቶታል፣ ዛሬም ይሠራል።

ከፍታው በምን ይስተካከላል? የሞላውን መቀመጫ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ዝቅ ባለ ቁጥር የሾኩ የመጨመቂያ ቦታ ያልቃል። የታችኛው አካል ለብቻው የሚሽከረከር ከሆነ የሾኩ እርምጃ ሳይነካ ከፍታው ይቀየራል። ለምቾት ሁለተኛውን ይምረጡ፣ ሆኖም ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ክፍል እንዳይነካ ይፈትሹ።

የላይኛው መቀመጫ ጎማ ነው ወይስ ብረት? የብረት ኳስ መቀመጫ ለውድድር ይስማማል፤ በመንገድ ላይ ድምፅና ንዝረት ወደ ወለሉ ያስተላልፋል።

ማስተካከያው ባለአንድ ቁልፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ መጨመቅንና ሪባውንድን አብሮ ይቀይራል። ከለስላሳው ጫፍ ይጀምሩ፣ በግራና በቀኝ እኩል እየቆጠሩ በሁለት ክሊክ ይጨምሩ፣ በአንድ መንገድ ይሞክሩ። መወዛወዙ አንዴ ተነስቶ ካረፈ ያቁሙ።

ኤር

ኤር (በአየር ግፊት የሚሠራ ሰስፔንሽን) ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከሞላው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፊኛ ነው፤ የኤር ሊፍት 1000 ዓይነቱ ከ5 እስከ 35 ፒ ኤስ አይ ይሠራል። ኋላው በጭነት ጊዜ ብቻ ለሚሰምጥ መኪና ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ባዶ ሲሆን ወደ ዝቅተኛው ግፊት ይመልሱት፣ ጨርሶ ባዶ ግን አያድርጉት።

ሁለተኛው ሞላውን ሙሉ በሙሉ የሚተካው ነው። በተሠራበት ከፍታ ላይ ከሁሉም የተመቸ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በታች ሲነዳ ግን የአየሩ መጠን ስለሚያንስ ይደርቃል፣ ወደ በምፕ ስቶፑም ይቀርባል። በፋብሪካው ኤር የሚሠሩ ኤስ ዩ ቪዎችን የከፍታ ሴንሰሩን ሊንክ ርዝመት በመቀየር ብቻ ዝቅ ያደረጉ ሰዎች የሚያማርሩት ይኸን ነው፤ ሊንኩን በጥቂቱ ወደ ቀድሞው መመለስ ያለ ምንም ግዢ ምቾት ይሰጣቸዋል። ሙሉ ኪት የሚገዛ ከፍታ የሚለካ መቆጣጠሪያ ይምረጥ፤ ግፊት ብቻ የሚለካ ከሆነ ሰው ሲጨመር መኪናው ዝቅ ይላል። የታንኩን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ፣ መገጣጠሚያዎችን በሳሙና ውሃ መፈተሽ፣ ፊኛው በሙሉ እርምጃው ምንም ነገር እንዳይነካ ማየት የባለቤቱ ሥራ ይሆናል።

ጎማና ቸርኬ

285/35 ባለ 22 ኢንች ጎማ የጎኑ ቁመት 100 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። 275/45 ባለ 20 ደግሞ 124 ሚ.ሜ. ነው። የሁለቱ አጠቃላይ ቁመት በ3 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሚለያይ መኪናው አይወርድም፣ የፍጥነት ንባቡም አይዛባም፤ የሚጨመረው 24 ሚ.ሜ. ጎማና አየር ነው። ለትንንሽ ስንጥቅ ከዚህ የሚበልጥ ሰስፔንሽን የለም። ባለ 20ው ቸርኬ ፍሬኑን እንዲያልፍና የጎማው የጭነት ቁጥር ከፋብሪካው እንዳያንስ ብቻ ያረጋግጡ። አየር አጉድሎ ማለስለስ ግን ጎኑን ያሞቃል፣ ቸርኬውንም ለጉድጓድ ያጋልጣል።

| ምርጫ | የሚፈታው | የማይፈታው |
|---|---|---|
| ከፍ ያለ ሞላ | ጓ ብሎ መምታት | መወዛወዝ፣ ሾኩ ካረጀ |
| አጭር ሾክ | መወዛወዝ | የስንጥቅ ንዝረት |
| ኮይልኦቨር | ከፍታንና ሾክን አብሮ | ሞላው ከጠነከረ ምንም |
| ረዳት ፊኛ | በጭነት መስመጥ | የፊት ድርቀት |
| ሙሉ ኤር | ጭነትና ከፍታ | በጣም ዝቅ ብሎ መንዳት |
| ባለ 20 ጎማ | የስንጥቅ ንዝረት | ጓ ብሎ መምታት |

ሲገጠም የሚበላሸው

የሾኩን የላይ ዳዶ በአየር መፍቻ ማጥበቅ ዘንጉን ያሽከረክረዋል፣ ውስጡንም ይጎዳል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ይጭረዋል፤ የተጫረ ዘንግ ማኅተሙን በልቶ ዘይት ያፈሳል። ሞላው ከመፈታቱ በፊት በሞላ መጭመቂያ መታሰር አለበት፤ ይህ በሕይወት የሚቀለድበት ሥራ አይደለም። የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው ካረጁ አብረው ይቀየሩ፣ ከድጋሚ መፍታት ያድናል። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ መሪው በሙሉ ሲዞር እንደማይወጠሩ ይታይ።

ሞላው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ካረፈ በኋላ አላይመንት ይሠራ። የማክፈርሰን ፊት ሲወርድ ካምበሩ (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) እና ቶው (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ይቀየራሉ፤ ቶው ካልተስተካከለ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ሳይታይ ያልቃል። ከዚያ የፊት መብራቱ አቅጣጫ፣ መኪናው መስመር የሚያነብ ካሜራ ወይም ራዳር ካለውም የእሱ ማስተካከያ ይከተላል። ያገለገለ ኮይልኦቨር የሚገዛ ሰው ደግሞ ዘንጉን በጣት ዳስሶ፣ ክሊኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጥሮ፣ የከፍታ ቀለበቱ በእጅ ቁልፍ መዞሩን ሳያይ አይክፈል፤ ቀለበቱ ከዛገ ከፍታው ላይ የሚወስነው ሻጩ ትቶት የሄደው ቦታ ነው።