ከሰርኪዩት ቦርድ ወደ አመራር፦ ግማሹ የሚመሰገን ኮርስ

ሥራዬ የኢንፊውዥን ፓምፕ፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ ለታካሚ በቱቦ የሚሰጥ መሣሪያ፣ ኤሌክትሮኒክስ ዲዛይን ነው። ቡድን ምራ ስባል፣ ኢንጂነሮችን ለሕክምና መሣሪያ ኢንዱስትሪ አመራር አዘጋጃለሁ የሚል የኦንላይን ኮርስ ከኪሴ ከፍዬ ወሰድኩ። ስሙን ልተወው።

የሪስክ ማኔጅመንት (የአደጋ ሥጋት አያያዝ) ክፍሉ ግሩም ነው። የዚህን ሥራ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 14971ን፣ አንቀጽ በአንቀጽ አያነበንብባችሁም። አንድ ፓምፕ ያስቀምጥላችኋል። ቱቦው ውስጥ አየር ቢገባስ? ባትሪው ቢደክምስ? ነርሷ ደወሉ ሲሰለቻት ድምፁን ብታጠፋውስ? ለእያንዳንዱ የጉዳቱን ክብደትና የመድረስ ዕድሉን ትገምታላችሁ። ከዚያ መፍትሔ። አሰልጣኟ እዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም። «መመሪያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንጽፋለን» ብሎ መገላገል የለም። መጀመሪያ ዲዛይኑ ራሱ አደጋውን ያስቀር። ካልተቻለ መከላከያ ይጨመር። ማስጠንቀቂያ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

የቴራክ-25 ትምህርትም ከዚሁ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ይህ የጨረር ማሽን በ6 አጋጣሚዎች ታካሚዎችን ከመጠን በላይ ጨረር መታቸው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች አደጋን በሃርድዌር ይቆልፉ ነበር፤ በዚህኛው ያ ሥራ ለሶፍትዌር ተሰጠ። እኛ ኢንጂነሮች ሁልጊዜ ኮዱ ላይ እናፈጣለን። ኮርሱ ግን ከሆስፒታል አቤቱታ ሲመጣ «ይህ ሊሆን አይችልም» ተብሎ መመለሱ ላይ ያቆማችኋል። ያ የኮድ ስህተት አይደለም፤ የአመራር ነው። ለዚህ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም።

አመራር የተባለው ሁለተኛው ግማሽ ግን ውሃ ውሃ ይላል። ስለ ራዕይ ብዙ ስላይድ አለ። ኧርል ባከን እ.ኤ.አ. በ1949 የሕክምና መሣሪያ ኩባንያውን ሜድትሮኒክን ጋራዥ ውስጥ እንደጀመረ ይተርካል፣ ያልሰማ ያለ ይመስል። የሚጠቅመውን ዘሎታል፦ ባከን የሆስፒታል መሣሪያ ይጠግን ስለነበር ሐኪሞቹ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1957 መብራት ጠፍቶ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሲከዳቸው፣ ቀዶ ሐኪሙ ሊለሄ በባትሪ የሚሠራ እንዲሠራለት የጠየቀው እሱን ነው። ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ይህ ዕድል አይገጥመውም።

የእኔ የቀን ተቀን ጥያቄም አልተነካም። ምርቱ የሚወጣበት ቀን ደርሷል፣ ሽያጭ ክፍሉ ይጮኻል፣ የኳሊቲ (የጥራት) ኃላፊዋ «አልፈርምም» ብላለች። ምን ይደረግ? ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ደቂቃ እንኳ የለም።

ሌላም አለ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ የሕክምና መሣሪያ የጥራት ደንቡን ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 13485 ላይ አስደግፏል። ኮርሱ ዛሬም የድሮውን ያስተምራል። በዚህ ዋጋ ይህ ያሳፍራል።

ዲዛይን ላይ ላላችሁና ወደ ኃላፊነት ለምታስቡ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ያዙት። ኳሊቲ ወይም ሬጉላቶሪ (የደንብና ፈቃድ ሥራ) ውስጥ የቆየ ሰው አዲስ ነገር አያገኝበትም። ግማሹን ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አይቻልም ተባልኩ።