ተጠንቀቁ፦ «አዲስ» ብለው የሸጡልኝ የፎቶ ቤት መብራት (ፍላሽ) ሌላ ሰው የመለሰው ነበር

ይህን የምጽፈው ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እጄ ገና መንቀጥቀጡን አልተወም። ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ለመክፈትም ገንዘብ የምታጠራቅሙ፣ እባካችሁ አንብቡት።

የካሜራ ዕቃ ሻጮችን ታውቋቸዋላችሁ። «ኦርጅናል ነው፣ ራሴ ነኝ ከዱባይ ያመጣሁት» ይላሉ፤ ያለ ደረሰኝ ለሚወስድ ደግሞ ይቀንሳሉ። እኔም ሁለት የስቱዲዮ ፍላሽ፣ ብርሃኑን ከሚያለዝበው ጨርቅ ሳጥን (ሶፍትቦክስ) ጋር፣ በ46,000 ብር ገዛሁ። ደረሰኙን በመተዌ 3,000 ብር ቀነሱልኝ፤ ደስ ብሎኝም ወጣሁ። ባለቤቱ ካርቶኑን የዘጋውን ፕላስተር ፊቴ በቢላ ቀዶ ነው የከፈተው። ሁለቱንም እዚያው ሞከርኩ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ አሳዩኝ። ካሜራዬ ግን ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ፣ በራሱ እንዲመርጥ እንደተተወ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ብርሃን ለየብቻው እያስተካከለ ያታለለኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመት ከዚህ ሥራ እየበላሁ ይህን መርሳቴ ያንገበግበኛል።

ባለፈው እሁድ የክርስትና ቤተሰብ መጣ። ሁሉም ነጭ የሀገር ልብስ ለብሰዋል። ካሜራውን 5500 ኬልቪን ላይ (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ የብርሃኑ ቁጥር ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል) አድርጌ በግራና በቀኝ አብርቼ አነሳኋቸው። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው በግራ የቆሙት ልብሳቸው ነጭ ነው፤ በቀኝ የተቀመጡት አያት ነጠላ ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊውን ስቀንስ ግራው እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነ። ዋይት ባላንስ ሥዕሉን በሙሉ በአንድ ላይ ነው የሚያስተካክለው፤ ሁለት ቀለም ያለውን ብርሃን በአንድ ቁጥር ማስታረቅ አይቻልም። ሌሊቱን የክፍሉን መብራት አጥፍቼ፣ ሁለቱንም በእኩል ኃይል ለየብቻ እያበራሁ ቀለም የምንለካበትን ግራጫ ካርድ አነሳሁ። አንደኛው 5600፣ ሁለተኛው 6100 ሆነ። ነጠላ ባስቀምጥበት ደግሞ ልዩነቱ ባሰ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ካሜራህ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለው» አለኝ። ሶፍትቦክሶቹን አውልቄ አሳየሁት፦ የአንደኛው አምፖል መስታወት ቀለል ያለ ቢጫ ቅብ አለው፣ የሌላኛው እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቅብ የሌለው መስታወት አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፋል፤ በልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ያንን ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይለውጠዋል። የአያትየው ነጠላ ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን እያስረዳሁ ሳለ አንድ ወጣት ሠራተኛ ካርቶን ተሸክሞ ከጓዳ ወጣ። ፍላሹን አየና በቅንነት ጠየቀ፦

«ጋሼ፣ ይህ ያ የተመለሰው አይደለም እንዴ? አምፖሉን የቀየርንለት?»

ሱቁ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ልጁን «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ!» ብሎ አባረረው። ወደ እኔም ዞሮ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አመለከተኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከጎኑ የቆመው ሻጭ «ለፎቶ ቤት ፎቶ ይህን ማን ያየዋል?» ብሎ ሳቀ።

አያትየው ያዩታል። ነጠላቸውን ያውቁታል! ያ በቢላ የተቀደደው ፕላስተር ደግሞ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያሸጉት ራሳቸው ናቸው፤ ለእኔ ብለው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛን በ15 ቀን ውስጥ እንድናስቀይር ወይም ገንዘባችንን እንድንጠይቅ ይፈቅዳል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ በእጄ ግን ደረሰኝ የለም። በ3,000 ብር ሸጬዋለሁ።

እናንተ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። ስትሞክሩ ዋይት ባላንሱን 5500 ላይ ቆልፉት፣ በአንድ ግራጫ ካርድና በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ሁለቱንም ለየብቻ አብሩ፣ የአምፖሎቹንም መስታወት አስተያዩ።

ቤተሰቡን ቅዳሜ በነጻ ደግሜ አነሳለሁ፤ በአንደኛው ፍላሽ ብቻ።