ከወረርሽኝ ማግስት ራስን ለመመዘን፦ ፒኤችኪው-9 እና ጂኤዲ-7

ኮቪድ-19 በገባ በመጀመሪያው ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ይህ ጫና ምን ያህል እንደነካው ማወቅ ለሚፈልግ አዋቂ በነፃ የሚገኙ ሁለት አጫጭር መጠይቆች አሉ፤ ለድብርት ፒኤችኪው-9፣ ለጭንቀት ጂኤዲ-7። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሁለተኛው በ2006 የወጡ ስለሆኑ ለወረርሽኝ ተብለው የተሰናዱ አይደሉም። ሲጠቀሙባቸው ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

አሞላላቸው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 (በፍጹም) እስከ 3 (በየቀኑ ለማለት ይቻላል) ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያ መደመር ነው። ጥያቄው የሚመለከተው ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን ቤት ተዘግቶ የከረመበትን ወራት ሁሉ እያሰበ ይሞላና ነጥቡ ያለ ልክ ይወጣል። በሁለቱም መጠይቆች 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ባለሙያ ቢያየው ይመከራል።

ፒኤችኪው-9 ላይ ዋናው ችግር ድምሩን ብቻ ማየት ነው። ከኮቪድ ገና በቅጡ ያላገገመ ሰው እንቅልፍ፣ ድካምና ትኩረት ማጣት ላይ 3፣ 3፣ 3 ቢሞላ፣ የምግብ ፍላጎት ላይ 1 ቢጨምር፣ ምንም ሳይከፋው 10 ይደርሳል። ይህ የሰውነት ድካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከድምሩ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም ነገሮችን የማድረግ ፍላጎት ማጣትንና መከፋትን ይመልከቱ። አንዳቸውም 2 ካልደረሱ ድብርት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ሐኪም አካላዊውን ምክንያት ቢመረምር ይሻላል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። እዚህ ላይ 1 እንኳ ከተሞላ፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም፣ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ማነጋገር ግድ ነው። ስልክ ላይ የሚሞሉ አንዳንድ ቅጂዎች ጠቅላላ ነጥቡን ብቻ አሳይተው ይህን መልስ ይቀብሩታል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ትቶ በወረቀት መሙላት እጅግ ይመረጣል።

ጂኤዲ-7 ጭንቀቱ ምን ያህል እንደበረታ በደንብ ያሳያል፤ ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ቤተሰብ የሚያስታምም ሰው ግን የሚጨነቅበት በቂ ምክንያት አለው፣ መጠይቁም ይህን አይለይም። ሐዘንንና የሚያባንን ትዝታን ደግሞ ሁለቱም አይጠይቁም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለቆዩና እዚያ ለሠሩ ሰዎች ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚቀረውን የአእምሮ ጭንቀት የሚመዝነው፣ 20 ጥያቄዎች ያሉት ፒሲኤል-5 የተሻለ ይስማማል።