ለጣና የሚሆን ሬጉሌተር፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ሬጉሌተር ጠላቂ ከሲሊንደር አየር የሚተነፍስበት መሣሪያ ነው። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ውሃውም በረዶ የሚያስፈራበት አይደለም። ስለዚህ በውድ ከሚሸጠው ነገር ብዙው፣ ለ40 ሜትርና ለበረዷማ ውሃ የተሠራው፣ ጎርጎራ ላይ ጥቅም የለውም። እዚህ የሚያስቸግረው ደለሉ ነው። ክረምት ላይ መገጭና ርብ ደፍርሰው ሲገቡ ሬጉሌተሩ የሚፈተነው በጥልቀት ሳይሆን በጭቃ ነው። ምርጫውም ከዚህ ይጀምራል።

ፒስተን ወይስ ዲያፍራም

ፈርስት ስቴጅ የሚባለው ከሲሊንደሩ ጋር የሚታሰረው ክፍል ነው፤ የ200 ባር አየር ተቀብሎ በዙሪያው ካለው ግፊት ወደ 10 ባር ገደማ ከፍ ያለ አድርጎ አፍ መያዣው ወዳለበት ክፍል፣ ወደ ሰከንድ ስቴጁ፣ ይልካል። እንደ ስኩባፕሮ ኤምኬ2 ያለው ባላንስ ያልሆነ ፒስተን ውስጡ ቀላል ነው፦ አንድ ፒስተን፣ አንድ ሞላ፣ ጥቂት ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ)። ሲሊንደሩ ከ50 ባር በታች ሲወርድ ትንፋሽ ከበድ ይላል፤ ለ14 ሜትር ግን ይህ ብዙ አያሳስብም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሞላው ያለበት ክፍል ለውሃ ክፍት ነው። ደለሉ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ኦሪንጉ ሥር ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ጠለቃ ፒስተኑ ሲመላለስ ኦሪንጉን ይፍቀዋል። ከዚያ ከቀዳዳዎቹ ቀጭን የአረፋ ክር መውጣት ይጀምራል።

እንደ ስኩባፕሮ ኤምኬ17 ወይም አፔክስ ዲኤስቲ ያለው የታሸገ ዲያፍራም (ተጣጣፊ የጎማ ሽፋን) ሞላውን ከውሃ ይለየዋል። ሻጮች ማሸጊያውን የሚያስተዋውቁት ለቅዝቃዜ ነው፤ ለጣና ግን ጥቅሙ ጭቃ መከልከሉ ነው። ክፍሎቹ ይበዛሉ፣ ሰርቪሱም በዚያው ልክ ይወደዳል። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ለሚሠራ ሰው ይኸኛው ይሻላል። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ያውም በበጋ ለሚጠልቅ ፒስተኑ ይበቃዋል።

ያገለገለውን ሲያዩ

መጀመሪያ አቧራ መከላከያ ክዳኑን ያንሱና መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ በባትሪ ብርሃን ይዩዋት። ንጹሕ ብርማ ከሆነች መልካም። አረንጓዴ ከሆነች ጨዋማ ውሃ ገብቶ ነሐሱን በልቶታል፤ ቀይ ቡናማ ከሆነች ከብረት ሲሊንደር ዝገት መጥቷል። አረንጓዴውን፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ይተውት።

ቀጥሎ ክዳኑን ደፍነው፣ አየር ሳይከፈት፣ በአፍ መያዣው ይሳቡ። ምንም አየር መግባት የለበትም። ከገባ ወይ የማስወጫው ጎሚኒ ወይ የሰከንድ ስቴጁ ዲያፍራም ተቀዷል፤ ውሃ ውስጥም ከአየር ጋር ውሃ ያስገባል።

ከዚያ በተሞላ ሲሊንደር ይፈትኑት። የጠላቂውን ተንሳፋፊ ጃኬት አየር በሚሞላው ቱቦ ላይ የመካከለኛ ግፊት ጌጅ ይግጠሙ፤ ርካሽና ትንሽ ዕቃ ናት፣ ገዢው ራሱ ይዟት ቢመጣ ይሻላል። የሰከንድ ስቴጁን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑና ይልቀቁ፤ መርፌው ወርዶ ተመልሶ በ9 እና በ10 ባር መካከል ቀጥ ማለት አለበት። አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ በፈርስት ስቴጁ ውስጥ የሲሊንደሩን አየር የሚዘጋው የከፍተኛ ግፊቱ መቀመጫ ተበልቷል፤ ትንሽ ቆይቶ አፍ መያዣው ራሱን ችሎ መንፋት ይጀምራል። በመጨረሻ ሰከንድ ስቴጁን አፍ መያዣው ወደ ላይ ሆኖ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ቀስ ብለው ያውርዱት። 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲገባ መንፋት ከጀመረ ልኩ ነው። ገና ውሃ ሲነካ ከነፋ ከልክ በላይ ላልቷል፤ 5 ሴንቲ አልፎም ዝም ካለ ለትንፋሽ ይከብዳል።

ቱቦዎቹን ጫፍ ላይ፣ ከብረቱ አጠገብ፣ አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ።

ሒሳቡ

ብዙ አምራቾች በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ፣ አለዚያም በ100 ጠለቃ ሰርቪስ ይጠይቃሉ። ከጎንደር ይህ ማለት ዕቃውን ወደ ቀይ ባሕር ከተሞች ወይም ወደ ባሰ ሩቅ መላክ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዙ የተጠራበትን ዋጋ ብቻ አይዩ፦ የፈርስት ስቴጁን፣ የሰከንድ ስቴጁንና የመጠባበቂያ አፍ መያዣውን ሰርቪስ፣ መለዋወጫ ኪቱን፣ አዲስ ቱቦና የመላኪያውን ይጨምሩበት። ድምሩ የአዲሱን ሁለት ሦስተኛ ካለፈ አዲሱን ይግዙ። ለሞዴሉ የሰርቪስ ኪት መሸጥ ከቆመ ደግሞ በነጻ ቢሰጥዎትም ለመለዋወጫ እንጂ ለመጥለቂያ አይሆንም። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነም ድርድሩን እዚያው ያቁሙ።

አዲሱም ቢሆን ራሱን አይጠብቅም። ከጠለቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ እንጂ በሐይቁ ውሃ አይጠብ፤ ሲያጥቡ ክዳኑ ይደፈን፣ የአየር መልቀቂያው ቁልፍ አይጫን፤ ከተጫነ ውሃው በቱቦው ወደ ፈርስት ስቴጁ ይገባል። ክዳኑን በጎሚስታ ኮምፕረሰር ማድረቅም አይገባም፤ ዘይትና እርጥበት ይዞ ይመጣል።

ማያያዣና ጌጅ

በሚሠሩበት ቦታ ያለው ሲሊንደር ማያያዣው ዲን (በጥርስ ወደ ውስጥ የሚታሰር) ይሁን ዮክ (ከውጭ አቅፎ የሚይዝ) አስቀድመው ያረጋግጡ። ምርጫ ካለዎት ዲን ይግዙና የዮክ አስማሚ ይጨምሩ፤ በጥርስ ስለሚታሰር በቀላሉ አይላቀቅም።

ካገለገለው ጋር የመርፌ ጥልቀት ጌጅ ከመጣ ይጠንቀቁ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል ልክ የታሸገ ጌጅ ከእውነተኛው ጥልቀት 2 ሜትር ያህል አሳንሶ ያነባል። ከፍታን የሚያውቅ ዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትንና የቆይታ ሰዓትን የሚያሰላ) ይሻላል፤ በተለይ ጎንደር ከሐይቁ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ ከጠለቃ በኋላ ወደ ቤት መንዳቱ ራሱ ተጨማሪ መውጣት ነውና ከመነሣትዎ በፊት በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን እንዲወጣ የሚቆዩበት ሰዓት ያስፈልጋል።